የስክሪን ኬብሎችና ባለ ሁለት ሞኒተር ጠረጴዛ በጅማ

ኮምፒውተር የሠራውን ምስል ወደ ሞኒተር፣ ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር የሚያደርሱ የማገናኛ ደረጃዎች ብዙ ናቸው። ጅማ ውስጥ በየጠረጴዛው ጀርባ የሚገኙት በዋናነት ቪጂኤ፣ ዲቪአይ፣ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ሲሆኑ ዩኤስቢ-ሲም አምስተኛ ሆኖ እየገባ ነው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አልወጣም። በጅማ መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የአርባ ዓመት ገደማ ታሪክ በአንድ ላይ ተጠላልፎ ያገኛል።

የሁሉም ታላቅ ቪጂኤ ነው። አይቢኤም ፒኤስ/2 ከተባሉት ኮምፒውተሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣው። 15 ፒን አለው፣ በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ ምስሉን የሚልከው በአናሎግ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በፒን 1፣ 2 እና 3 ለየብቻ ስለሚያልፉ ብልሽቱ በዓይን ይነበባል። ስክሪኑ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው አልደረሰም፤ ወይን ጠጅ ከሆነ የቀረው አረንጓዴው ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የጎበጠች አንዲት ፒን ናት፤ በወረንጦ ቀስ አድርጎ ማቅናት ይበቃል። ባለቤቱ ግን ሞኒተሩ ሞቷል ብሎ ሊጥለው ደርሶ ይሆናል። በመካከለኛው ረድፍ 9ኛዋ ፒን የሌለችባቸው ኬብሎች ሲገኙም መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ሌሎች አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ቪጂኤን እስከ 2015 እንደሚተዉት አስታውቀው ነበር። በየአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ፕሮጀክተር ግን ዛሬም በዚሁ ኬብል ይሠራል።

በ1999 የመጣው ዲቪአይ ዲጂታሉን ዘመን ከፈተ፤ አሁን የሚታየው በአሮጌ ግራፊክስ ካርዶች ላይ ነው።

ዋናው ፉክክር በኤችዲኤምአይና በዲስፕሌይፖርት መካከል ነው፤ ልዩነታቸውም ከትውልዳቸው ይጀምራል። ኤችዲኤምአይ የቴሌቪዥን ቤት ልጅ ነው። ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስና ሌሎች ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አወጡት፤ ምስልና ድምፅ በአንድ ባለ 19 ፒን ኬብል ያልፋል፤ አምራቾችም ዓመታዊ ክፍያና በየዕቃው የሚታሰብ ሮያልቲ ይከፍሉበታል። ዲስፕሌይፖርት ደግሞ ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር በ2006 ለኮምፒውተር ብሎ ያዘጋጀው ነው። ባለ 20 ፒን ነው፤ ዳታውን እንደ ኔትወርክ በፓኬት ይልካል፤ ቬሳ ራሱ በየዕቃው ሮያልቲ አይጠይቅበትም። ለሳሎን ኤችዲኤምአይ፣ ለሥራ ጠረጴዛ ዲስፕሌይፖርት ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኬብል ውስጥ የሚያልፈውን መጠን ማስላት ከባድ አይደለም። 1920 በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 24 ቢት ሲባል ወደ 3 ጊጋቢት በሰከንድ ይመጣል። የዚህን አራት እጥፍ ፒክስል ባለው በ4ኬ ስክሪን ላይ ይኸው ስሌት 12 ጊጋቢት ይጠጋል። የ2009ኙ ኤችዲኤምአይ 1.4 ጠቅላላ አቅሙ 10.2 ስለሆነ 4ኬን በ30 ኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ያሳያል፤ የማውሱ ቀስት እየዘለለ የሚሄደው ለዚህ ነው። በ2013 የወጣው 2.0 ወደ 18፣ በ2017 የወጣው 2.1 ወደ 48 አሳደገው። ዲስፕሌይፖርት 1.2 በ2010 ገና 21.6 ላይ ነበር። ጽሑፍ ለሚተይብ ሰው ይህ ሁሉ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ለ1080 ስክሪን የትኛውም ይበቃዋል።

ሰው የሚቸገረው በአዳፕተር ነው። ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከኋላቸው ሁለት ዲስፕሌይፖርት አላቸው፤ እጅ ላይ ያለው ሞኒተር ግን ቪጂኤ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ነው። ደንበኛው ሱቅ ሄዶ «ዲስፕሌይፖርት ቱ ኤችዲኤምአይ» ይላል፤ ባለ ሱቁም አንዱን አንሥቶ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ከየት ወደ የት ነው የሚለው ነው። የኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት «ዲፒ++» የሚል ምልክት ካለው አዳፕተሩን ሲያይ ራሱ የኤችዲኤምአይ ሲግናል ስለሚልክ ርካሹ ይሠራል። ያንኑ ኬብል ገልብጦ ከላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ሞኒተር የሰካ ግን «ኖ ሲግናል» ብቻ ያያል። ለዚያ ሲግናሉን የሚቀይር፣ አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ዲጂታሉን ወደ ቪጂኤ ማውረድም እንዲሁ ውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ይፈልጋል። በኬብሉ ጫፍ ቅርጽ ብቻ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያባክናል።

ዩኤስቢ-ሲ ላይ ቅርጹ ይበልጥ ያታልላል። ዲስፕሌይፖርት በዚህ መሰኪያ እንዲያልፍ የተፈቀደው በ2014 ነው፤ ላፕቶፑ ግን የግድ ይህን ይደግፋል ማለት አይደለም። ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠራ ኬብልም ምስል አያሳልፍም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ የገባ ተማሪ በአዲስ ላፕቶፑና በአዳራሹ ቪጂኤ መካከል ቆሞ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ፤ መምህራኑ ተቀምጠው እየጠበቁት ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ትልቅ የትምህርት ተቋም ውስጥ ይህቺን አዳፕተር በቦርሳ መያዝ እንደ ፍላሽ ሊለመድ ይገባል።

ሁለት ስክሪን ይዞ መሥራት ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። ማኪንቶሽ 2 በ1987፣ ዊንዶውስ 98 ደግሞ በ1998 ፈቅደውታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። በግራ የተማሪው ስካን የተደረገ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀኝ የሚተየበው ሰነድ ሲሆን ጸሐፊዋ መስኮት ስትቀያይር መስመር አትዘልም። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰውም ቴሌቪዥኑን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ቢያገናኝ ቀለሙን ደንበኛው እንደሚያየው አድርጎ ያየዋል። ቴሌቪዥኑ የምስሉን ጠርዝ ከቆረጠበት ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም፤ ከቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ማስተካከያ ውስጥ ምስሉን ሳያጎላ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ኪቦርድ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«P» ፊደልን አብሮ መጫን ማባዣና ማስፋፊያ አማራጮቹን ያመጣል። ቀጥሎ በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ (Display settings) ውስጥ 1 እና 2 የተባሉትን ሳጥኖች በጠረጴዛው ላይ እንዳሉት አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ ማውሱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ግድግዳ ይመታል።

ደጋግሞ የሚያጋጥም ስህተት ስፕሊተር ነው። ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱን ጨዋታ በአራት ስክሪን የሚያሳዩበት ዕቃ ለእነሱ ትክክል ነው፤ ያንኑ ስክሪን ለማስፋፋት የገዛ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ያገኛል። ከአንድ መሰኪያ የተለያየ ምስል የሚያወጣው ኤምኤስቲ የሚባለው የዲስፕሌይፖርት 1.2 አሠራር ነው፤ አንዱን ሞኒተር ከሌላው እየቀጠሉ አራት ባለ 1080 ስክሪን ድረስ መሄድ ይቻላል። የአፕል ማክኦኤስ ግን ለማስፋፋት ይህን አይቀበልም። የ2020ው ኤም1 ማክቡክ ኤር ደግሞ በራሱ አንድ የውጭ ስክሪን ብቻ ነው የሚይዘው። ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ኬብሉ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አይደለም፤ ስንት ሰው ለዚህ ብቻ ኮምፒውተር ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል።

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው መብራቱንም ያስባል። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን በርተው ሳሉ ኬብል ሲሰካ የብረቱ ጫፍ እጅን ይነዝራል፤ ያ ንዝረት የኤችዲኤምአይ ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱንም ከሶኬት ነቅሎ ኬብሉን ማገናኘት፣ ከዚያ ማብራት ይሻላል። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከግድግዳው መንቀል ነው፣ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ጭምር።