ጎንደር ላይ «ፍርድ ቤት» ስንል የትኛውን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ መጥሪያውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ጠዋት ባጃጅ ይዘን ለሹፌሩ «ፍርድ ቤት» አልነው። እሱም ወደሚያውቀው ፍርድ ቤት ወሰደን። ከመዝገብ ቤቱ ፊት ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፈን ቆምን። ተራችን ሲደርስ አክስቴ ቋጠሮዋን ፈታች። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገና ከላይ እንዳየችው፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የከፍተኛ ነው፤ እዚህ ወረዳ ነው» አለቻት።

እየሮጥን ስንደርስ መዝገቡ ተጠርቶ አልፏል። ከሳሿ አክስቴ አልቀረበችም፤ ተከሳሹም አልመጣም። መዝገቡ ተዘጋ። እንደገና ለማንቀሳቀስ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ቃለ መሃላ፣ ሌላ ቀጠሮ። የበደለን ሰው አልነበረም። ወረቀቱ እጃችን ላይ ነበር፤ አላነበብነውም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ጎረቤቱ መጥሪያ ሲደርሰው ይዞልኝ ይመጣል። የምሰማቸው ስህተቶች ደግሞ ተመሳሳይ ናቸው።

«ፍርድ ቤት ያው ፍርድ ቤት ነው»

አይደለም። በክልላችን መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሦስት እርከን አላቸው፦ ወረዳ፣ ከፍተኛ እና ጠቅላይ። ወረዳውም ከፍተኛውም ጎንደር ላይ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መቀመጫው የክልሉ ዋና ከተማ ባሕር ዳር ነው። እያንዳንዱ የራሱ ዳኞች፣ የራሱ መዝገብ ቤት፣ የራሱ ቁጥር አለው። ወረዳ ሄዳችሁ የከፍተኛን መዝገብ ብትጠይቁ አያገኙላችሁም።

በፋሲል ግቢ ዙሪያ ካሉት አሥራ ሁለት በሮች አንዱ ወንበር በር ይባላል። «ወንበር» በድሮው አነጋገር ዳኛ ማለት ነው። የዳኞች በር እንደማለት ነው። ዛሬ በር የሚሆነን የመጥሪያው አናት ላይ የተጻፈው የፍርድ ቤቱ ስም ነው። ባጃጅ ስትይዙም ስሙን ሙሉውን ንገሩት።

ከስሙ ቀጥሎ ሦስት ነገር አንብቡ። የመዝገብ ቁጥሩ አንዱ ነው፤ ሠራተኞቹ ከስማችሁ ይልቅ በእሱ ነው የሚያገኟችሁ። ሁለተኛው ችሎቱ ነው፤ ፍትሐ ብሔር ነው ወይስ ወንጀል፣ የትኛው ችሎት? በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ችሎት ስለሚኖር በር ላይ የተለጠፈውን የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር ከቁጥራችሁ ጋር አመሳክሩ። ሦስተኛው ቀንና ሰዓቱ ነው።

ቀኑን በተመለከተ ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶቻችን አደራ የምለው አለ። ለውርስ ጉዳይ የመጣች የአጎቴ ልጅ መጥሪያው ላይ 15/5 የሚል አንብባ ሜይ 15 መሰላት። ጥር 15 ማለት ነበር። ከጥምቀት አራት ቀን በኋላ ማለት ነው! ለበዓሉ መጥታ እዚሁ ጎንደር እያለች ቀጠሮዋ ሊያልፋት ነበር። ወረቀቱን በአጋጣሚ ባላየው ኖሮ አልፎ ነበር። ሰዓቱም በእኛው አቆጣጠር ነው። 3 ሰዓት ከተባለ የጠዋቱ 3 ነው።

«ወረቀቱ ሰሜን ጎንደር ዞን ስለሚል ጎንደር ከተማ ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አይፈረድበትምም። የድሮው ሰሜን ጎንደር ዞን ሰፊ ነበር፤ መቀመጫውም ጎንደር ነበረች። በኋላ ለሦስት ተከፈለ። ማዕከላዊ ጎንደር መቀመጫው ጎንደር ሆነ። ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃ። ሰሜን ጎንደር የሚለውን ስም ይዞ የቀረው ዞን ደግሞ መቀመጫው ደባርቅ ነው። ስለዚህ ሰሜን ጎንደር የሚል የቆየ የፍርድ ግልባጭ እጃችሁ ላይ ካለ ከጎንደር የወጣ ሊሆን ይችላል። አዲስ መጥሪያ ሰሜን ጎንደር ካለ ግን ደባርቅ ሊሆን ይችላል። የወጣበትን ዓመት ሳታዩ መኪና አትሳፈሩ። የድሮ መዝገብ የምትፈልጉ ከሆነ ቁጥሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ መዝገቡ አሁን የት እንዳለ በቅድሚያ ጎንደር ላይ ጠይቁ።

«ነገሬ ከባድ ስለሆነ በቀጥታ ባሕር ዳር ልሂድ»

ይሄን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ በጣም የተበደሉ ሰዎች ናቸው። የተበደለ ሰው ትልቁን ዳኛ ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ነገር ግን ጉዳይ የሚጀመርበትን ቦታ የሚወስነው የንዴታችን መጠን አይደለም። ሕጉ የጉዳዩን ዓይነትና የገንዘቡን ልክ አይቶ ለየእርከኑ ከፋፍሎታል። የወረዳን ጉዳይ ይዛችሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ብትጓዙ፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል ባሕር ዳር ደርሳችሁ የምትሰሙት «ሥልጣኑ የኛ አይደለም» ነው። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ ገንዘብ ባከነ። ክሱን ከመጻፋችሁ በፊት የጎንደሩን መዝገብ ቤት «ይሄ ጉዳይ የማን ሥልጣን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ገንዘብ አያስከፍልም።

ባሕር ዳር መሄድ የግድ ከሆነ ደግሞ እዚያም ያው ጥንቃቄ ነው። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት፤ እዚያም ከጠቅላዩ ሌላ ወረዳና ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ። መናኸሪያ ወርዳችሁ «ፍርድ ቤት» ብቻ ካላችሁ የአክስቴ ዕጣ ይደርሳችኋል። ቀጠሮው የጠዋት ከሆነ በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ «ጉዳዩ የፌዴራል ስለሆነ አዲስ አበባ ነው»። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና እንዲይዙ ያደርጋል። የጎንደር ሰው የፌዴራል ጉዳዩን እዚሁ ጎንደር፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያስጀምር የሚችልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

«እኔ ከሳሽ ስለሆንኩ እኔ ባለሁበት ይታያል»

መነሻው ተቃራኒው ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ በመርህ ደረጃ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ነው። ያበደራችሁት ሰው ወልዲያ ከሆነ ኑሮው ጎንደር ላይ መጥቶ እንዲከራከር ዝም ብላችሁ አታስገድዱትም። ውል ከሆነ ውሉ የተደረገበት ወይም የሚፈጸምበት ቦታ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ቤትና መሬት ላይ ግን ወሳኙ ንብረቱ ያለበት ቦታ ነው። አዘዞ ያለ ቤት ላይ የሚነሳ ክርክር ወራሾቹ አዲስ አበባም ይኑሩ ዋሽንግተን እዚሁ ነው የሚታየው። ወንድማማቾች በዚህ ተሳስተው ወር ሙሉ ሲባክኑ አይቻለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ከፍቶ፣ ሌላው እዚህ ከፍቶ፣ ሁለቱም ያለ ውጤት።

«ሌባ ሰረቀኝ፣ ፍርድ ቤት ልክሰሰው»

ለወንጀል መነሻው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፤ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። «ፍትሕ» የምንለው ጽሕፈት ቤትም ዐቃቤ ሕጎች ያሉበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ዘመድ ከተያዘባችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ነው ያስቀመጠው። የት ችሎት እንደሚቀርብ መርማሪውን ጠይቁና ቀድማችሁ ተገኙ።

«መጥሪያውን ካልተቀበልኩ ነገሩ ይቀራል»

አይቀርም። እምቢ ብትሉ አድራሹ ያንኑ ጽፎ ይመልሳል። ደጃፋችሁ ላይ ሊለጠፍም ይችላል። ከዚያ ጉዳዩ በሌላችሁበት ይታያል፤ የእናንተን ወገን የሚናገር ሰው ሳይኖር ይፈረዳል። በር ዘግቶ መደበቅ የሚጎዳው ራስን ነው። ተቀበሉ፤ አንብቡ፤ ቅረቡ።

«ጠበቃ ከሌለኝ ማን ይሰማኛል?»

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ማንም ሰው ራሱ ቀርቦ መከራከር ይችላል። ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት፣ ወንድም ለወንድም በተረጋገጠ ውክልና ሊቆም ይችላል። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ ለመክፈት ያመለክታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በሕግ ትምህርት ቤቱ በኩል ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በወንጀል ተከሶ ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆማል።

ችሎት ውስጥ መግባትም ለባለጉዳይ ብቻ አይደለም። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዝግ የሚታዩ ጉዳዮች ለብቻ ናቸው። ከቀጠሯችሁ በፊት አንድ ጠዋት ሄዳችሁ ጀርባ ላይ ተቀመጡ። ስልካችሁን አጥፉ፤ ዳኞች ሲገቡ ተነሱ። «ክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ እንዴት እንደሚጀመር ታያላችሁ። አክስቴን ለሁለተኛው ቀጠሮ ያረጋጋት ይሄው ነው። አንድ ጠዋት ገብታ አይታ ስትወጣ «ሰው እኮ ናቸው» አለችኝ።

«ሽማግሌ ከገባ በኋላ ፍርድ ቤት አያስፈልግም»

የኛ ሀገር ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፤ ስንት ቤት አትርፏል። በገንዘብና በንብረት ጉዳይ ከተስማማችሁ ስምምነቱን ጽፋችሁ መዝገቡ ላለበት ፍርድ ቤት አቅርቡና አስመዝግቡት። ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። «ታርቀናል» ብሎ ዝም ማለት ግን መዝገቡን ክፍት ይተወዋል። ፍቺም በሽማግሌ ቃል ብቻ አይጸናም፤ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው። ከባድ ወንጀል ላይ ደግሞ ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል።

«ተፈርዶብኛል፤ ይግባኙን በኋላ አስብበታለሁ»

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ። ሰበር ከዚያ በላይ ነው፤ እዚያ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንጂ ምስክሩ ምን አለ የሚለው አይደለም። ቀኑ የሚቆጠረው ግልባጩ እጃችሁ ከገባበት ሳይሆን ከፍርዱ ቀን ነው። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ዕለት፣ ከግቢው ሳትወጡ፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሱና የፍርዱን ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁ። የጠየቃችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃም ያዙ።