ስለ ጳውሎስ ጉዞና ስለ ግዝረቱ ክርክር ሲባል የምንሰማውና እውነታው

የጳውሎስ ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚለው አያጣም፣ ችግሩ ከምንለው ውስጥ ብዙው መጽሐፉ ላይ የለም፣ ከስዕልና ሲወራ ከሰማነው የተለቀመ ነው። በተለይ አሕዛብ፣ ማለትም አይሁድ ያልሆኑት፣ ይገረዙ አይገረዙ በሚለው ክርክር ላይ ኦንላይን የሚባለው ነገር ጉድ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ፣ የሐዋርያት ሥራንና ገላትያን ከፍታችሁ እያያችሁ ብታነቡት ደሞ ይሻላል።

«ሳውል ደማስቆ መንገድ ላይ ከፈረስ ወደቀ፣ ስሙም ያኔ ጳውሎስ ተባለ»

ፈረስ የለም። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ሦስቴ ነው የተነገረው፣ ምዕራፍ 9፣ 22 እና 26፣ ሦስቱም ላይ መሬት ላይ ወደቀ ይላል እንጂ ፈረስ የሚባል ነገር አይነሳም፣ ፈረሱን የጨመሩት ሰዓሊዎች ናቸው። ስሙም እዛ ጋ አልተቀየረም። ካመነ በኋላም እስከ ምዕራፍ 13 ሳውል እየተባለ ነው የሚሄደው፣ ቆጵሮስ ገብቶ ጳፉ ላይ አገረ ገዥው ሰርግዮስ ጳውሎስ ጋ ሲቀርብ ነው «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» የሚለው። ሁለቱም የራሱ ስሞች ነበሩ በቃ።

«ወንጌልን ለአሕዛብ የጀመረው ጳውሎስ ነው»

ጳውሎስ ገና አንድም ጉዞ ሳይወጣ ጴጥሮስ ቂሣርያ ሄዶ ሮማዊው መቶ አለቃ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቷል። ከዛም በፊት ፊልጶስ የህንደኬን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ላይ አጥምቋል፣ እሱ እንኳን ኢየሩሳሌም ሊሰግድ መጥቶ የሚመለስ ስለሆነ አሕዛብ ነው አይሁዳዊ የሚለው ያከራክራል። የሶርያዋ አንጾኪያ ላይ ደሞ ለግሪኮች መናገር የጀመሩት ስማቸው እንኳን ያልተጻፈ የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ናቸው፣ ጳውሎስን በርናባስ ከጠርሴስ ፈልጎ ያመጣው ስራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጴጥሮስ ከቆርኔሌዎስ ቤት ሲመለስ ኢየሩሳሌም ያሉት የወቀሱት ለምን ሰበክህ ለምን አጠመቅህ ብለው አይደለም፣ ያልተገረዙ ሰዎች ጋ ገብተህ ከነሱ ጋር በላህ ነው ያሉት። ጭቅጭቁ ከመጀመሪያው ማዕድ ላይ ነበር፣ እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ካልገባን የቀረውም አይገባንም። እኛ አገር ሰርግ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ እንደሚታረደው ማለት ነው፣ ሰዉ ተዋዶና ተከባብሮ እየኖረ ትሪው ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል።

«ይገረዙ እያሉ ያስቸገሩት ክርስቶስን ያልተቀበሉ አይሁድ ናቸው»

ይሄ የሚመጣው ሁለት ተቃውሞ ስለሚደባለቅ ነው። ልስጥራ በምትባል ከተማ ሕዝቡን አሳምነው ጳውሎስን በድንጋይ ያስወገሩት ከጲስድያ አንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ ያላመኑ አይሁድ ናቸው፣ ልክ ነው። የግዝረቱ ጥያቄ ግን ከቤት ውስጥ ነው የመጣው፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ቁጥር 5 ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑት ይላል ቁልጭ አድርጎ። ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም፣ ዘፍጥረት 17 ግዝረትን የዘላለም ኪዳን ይላል፣ ኢየሱስ ራሱ በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ነው፣ ታዲያ ከየት አምጥታችሁ ነው የምትተዉት ቢሉ ምን ይገርማል? ጳውሎስን ስለምንወደው ብቻ እነሱን ክፉ ሰዎች አድርገን መሳል ልክ አይመስለኝም።

«የኢየሩሳሌም ጉባኤ የሙሴን ሕግ ሻረ»

ይሄ የሐዋርያትና የሽማግሌዎች ጉባኤ የተደረገው በ49 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፣ የቀረበው ጥያቄ ደሞ አንድ ነው፣ ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ። ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ በጉዟቸው ያዩትን አወሩ፣ ነገሩን የዘጋው ግን የጌታ ወንድም የሚባለው ያዕቆብ ነው፣ ሰብሳቢው ጴጥሮስ ወይ ጳውሎስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደብዳቤ ተጽፎ በይሁዳና በሲላስ እጅ ተላከ፣ አድራሻው በአንጾኪያ፣ በሶርያና በኪልቅያ ላሉ ከአሕዛብ ለሆኑ ወንድሞች ይላል፣ ግዝረት የለባችሁም፣ ከአራት ነገር ግን ራቁ፦ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀ እና ከዝሙት። ሦስቱ የመብል ነገር መሆኑን አያችሁ? ዘሌዋውያን 17 እና 18ን ብታዩ በእስራኤል መሃል የሚኖር መጻተኛም ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ደምና ስለ ዝሙት ይታዘዛል፣ ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች የደብዳቤው ሐሳብ ሁለቱ ወገኖች አብረው መኖርና መብላት እንዲችሉ ነው ይላሉ፣ እኔም ይሄ ያሳምነኛል። አይሁዳዊው አማኝ ሕጉን ይተው የሚል ቃል ግን አንድም የለበትም።

«ጳውሎስ ግዝረትን ይጠላ ነበር»

ከጉባኤው ማግስት ማለት ይቻላል፣ እናቱ አይሁዳዊት አባቱ ግሪክ የሆነውን ጢሞቴዎስን፣ የጉዞ ረዳቱን፣ በልስጥራ አካባቢ ስላሉት አይሁድ ሲል ገርዞታል። ሌላውን የሥራ ባልደረባውን ግሪካዊውን ቲቶን ግን ሊያስገርዙት ሲፈልጉ እምቢ አለ። አቋሙ የተምታታ የሚመስለው ሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ያንብብ፣ ተገርዞ የተጠራ ወደ አለመገረዝ አይመለስ፣ ሳይገረዝ የተጠራም አይገረዝ ነው የሚለው። የተጣላው ካልተገረዛችሁ አትድኑም ከሚለው ጋር ነው።

ይሄ ለኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ፖርቹጋሎች የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን አይሁዳዊ ሥርዓት ትከተላላችሁ ብለው ሲከሱ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ኑዛዜውን ጽፎ መልሷል፣ ግዝረት ለኛ የአገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኑብያ ፊት እንደሚበጣው፣ ሕንዶችም ጆሮ እንደሚበሱት ነው አለ፣ መከራከሪያውም የዚሁ የጳውሎስ ቃል ነው። ዛሬ ኮሜንት ላይ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ሲሰዳደብበት የሚያድረው ነገር በዚያ ዘመን ተመልሷል ለማለት ነው።

«ከጉባኤው በኋላ ክርክሩ አለቀ»

ምን አለቀ! ገላትያ 2ን እዩ። ጴጥሮስ አንጾኪያ መጥቶ ካልተገረዙት ጋር አብሮ ይበላ ነበር፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ቀስ እያለ ከማዕዱ ራሱን ለየ፣ ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት፣ በርናባስ እንኳን፣ ያ ከጳውሎስ ጋር ደርቤን ድረስ አብሮ የተንከራተተው ሰው! ጳውሎስ በሁሉ ፊት ፊት ለፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ ምን እንደመለሰ አልጻፈልንም፣ የምንሰማው የአንዱን ወገን ነው። አንዳንዶች ይሄ ከጉባኤው በፊት ነው ይላሉ፣ በኋላም ይሁን በፊት ግን ያዕቆብ ራሱ ዓመታት ቆይቶ ጳውሎስ ለመጨረሻ ጊዜ ኢየሩሳሌም ሲገባ በአእላፋት የሚቆጠሩ አይሁድ አምነዋል ሁሉም ለሕጉ ቀናተኞች ናቸው፣ አንተ ሕጉን ተዉ ትላለህ ብለው ሰምተዋል ነው ያለው። መፍትሄ ብሎ ያቀረበለት ስእለት ያለባቸውን አራት ሰዎች ይዞ አብሯቸው እንዲነጻ፣ ራሳቸውን እንዲላጩም ወጪያቸውን እንዲከፍልላቸው ነው። ጳውሎስ እሺ አለ፣ አደረገውም።

የተያዘውም እዛው መቅደስ ውስጥ ሥርዓቱን እየፈጸመ ነው። የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን ከተማ ውስጥ አብሮት ስላዩት ግሪኩን ወደ መቅደስ አስገባ ብለው ጮኹበት። ያ ክስ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በ1871 እ.ኤ.አ. የተገኘው የመቅደሱ ድንጋይ ይነግራል፣ አሁን ኢስታንቡል ሙዚየም ነው ያለው፣ በግሪክኛ የተቀረጸበት ባዕድ ሰው ከአጥሩ አልፎ ቢገኝ ለሚደርስበት ሞት ተጠያቂው ራሱ ነው የሚል ነው። ጳውሎስን ከሕዝቡ እጅ ያስጣሉት የሮማ ወታደሮች ናቸው፣ ከዛም ቂሣርያ ሁለት ዓመት ታስሮ በእስር እንዳለ ወደ ሮም ተላከ።