ዘጌ፦ ሞፈርና ቀንበር የማይገባበት የጣና ዳር መንደር

ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባ፣ ደን የለበሰ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ስፋቱ 1,300 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በሦስት ወገን ውኃ ከቦት በአንድ ወገን ብቻ ከየብሱ ጋር ይገናኛል። በዚህ መገናኛ ላይ አፋፍ የተባለችው ትንሽ ከተማ ተቀምጣለች፤ ከእሷ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ዑራና ይጋንዳ የተባሉት ቀበሌዎች ይገኛሉ። በአስተዳደር ረገድ ዘጌ እንደ መሸንቲና እንደ ጢስ ዓባይ ሁሉ ከባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጋር የተያያዘች የከተማዋ ዳርቻ ናት። በአኗኗሯ ግን ከእነዚያ ከሁለቱም፣ ከባሕር ዳርም እጅግ ትለያለች፤ የዚህ ልዩነት ምንጭ ደግሞ አንድ ጥንታዊ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ በባሕረ ገቡ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስንና ከብት ማርባትን ይከለክላል። የአካባቢው ትውፊት ክልከላውን የገዳሙ መሥራች ከሆኑት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ቅዱሱ በትራቸውን ሰብረው በመሬቱ ላይ ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ እንደ በቀለ፣ የዘጌ ሰውም ሞፈር ሳያነሣ በእነዚህ ተክሎች ፍሬ እንዲኖር ቃል እንደ ተሰጠው ይነገራል። በዙሪያው ያለው የጎጃም ገበሬ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ እያረሰ፣ ከብቱን በየመስኩ እያሰማራ ሲኖር ዘጌ ግን በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ሰብስባ እየሸጠች፣ እህሏን ከገበያ እየሸመተች ዘመናትን ተሻግራለች። ስለዚህ የዘጌን ደን «የተፈጥሮ ደን» ብሎ ብቻ ማለፍ ለሕዝቡ ድካም ዋጋ መንፈግ ይመስለኛል። ይህ ደን በሰው እጅ የተኮተኮተ፣ በሥርዓት የተጠበቀ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የቡና አትክልት ነው።

መሬቱ ከሐይቁ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል ከፍ እያለ የሚወጣ ኮረብታማ ነው። የጣና ውኃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ወይና ደጋ ነው፤ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። አፈሩ ሐይቁን ራሱን ከፈጠረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በደኑ ውስጥ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዋርካና እሸ ከላይ ሆነው ጥላ ይሰጣሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ግን ብርብራ ነው። ብርብራ ቅጠሉ ሳስቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍና አፈሩንም ስለሚያዳብር የቡና ባለቤቶች ሆን ብለው ያቆዩታል፤ ፍሬውን ደግሞ የጣና ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ እየወቀጡ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከዘጌ በስተ ምዕራብ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። በዘጌና በባሕር ዳር መካከል ደግሞ የእንፍራንዝ ወንዝና ረግረጉ ይገኛሉ፤ በእንፍራንዝ ተፋሰስ የሚፈልቁት «አረቄ» እና «ሎሚ» የተባሉት ምንጮች ለብዙ ዓመታት የባሕር ዳርን ሕዝብ ሲያጠጡ የኖሩ ናቸው።

የቡናው ሥራ ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ይበረታል። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ አንዱ ቅርንጫፍ በተደጋጋሚ ይለቀማል፤ ለቃሚው ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ጎንበስ አድርጎ ይዞ የቀላውን ብቻ እየመረጠ ወደ ቅርጫቱ ይጥላል፣ አረንጓዴውን ለቀጣዩ ዙር ይተወዋል። የተለቀመው እሸት ቡና ሳይታጠብ በየግቢው ይሰጣል። ጧት ይዘረጋል፣ ቀን በእጅ ይገላበጣል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ተሰብስቦ ይሸፈናል። እፍኝ ተዘግኖ ሲነቀነቅ ፍሬው በገለባው ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማ ጀንፈሉ ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሙቀጫ ተወቅጦ በሰፌድ ይነፈሳል፤ ብዙው ሥራም በሴቶች እጅ ያልፋል። የዘጌ ቡና በመስኖ ሳይሆን በዝናብና በጥላ የሚያድግ በመሆኑ ምርቱ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ አንድ ዓመት ያፈራ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ሊያርፍ ይችላል። ለዚህም ነው የዘጌ ቤተሰብ በቡና ላይ ብቻ ተስፋውን የማይጥለው።

ቡና በማይሰጥበት ጊዜ ቤት የሚደግፈው ጌሾ ነው። ለጠላና ለጠጅ የሚገባው የጌሾ ቅጠልና እንጨት በዓመት ውስጥ በተለያየ ጊዜ እየተቆረጠና እየደረቀ በባሕር ዳርና በአካባቢው ገበያዎች ይሸጣል። ጌሾ ድርቅን ከቡና ይልቅ ስለሚችልና ገዢ ስለማያጣ ብዙ ሰው በእርሱ ይተማመናል። ሎሚ፣ ትርንጎ፣ ማንጎና ፓፓያም ይበቅላሉ፤ ከሐይቁ ደግሞ ቀረሶና አምባዛ ይጠመዳል። እህሉ፣ ቅቤውና ሥጋው የሚመጣው ግን ከየብሱ ነው። በዚህ ምክንያት አፋፍ ከመንደርነት ይልቅ በገበያነቷ ትታወቃለች፤ አራሹ ገበሬና የዘጌ ሰው የሚገናኙት፣ ጤፍና ዳጉሳ በቡናና በጌሾ ዋጋ የሚለካው በእርሷ ነው።

የዘጌ ገዳማት አመሠራረት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ይያያዛል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት ይጠቀሳሉ። አብዛኞቹ በአካባቢው ወግ ክብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ በመሐል ደግሞ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ይገኛል፤ ጣሪያቸው ቀድሞ ሣር የነበረ ሲሆን ዛሬ የብዙዎቹ ወደ ቆርቆሮ ተለውጧል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሲሆን፣ የጌታን ሕማማት፣ የእመቤታችንን ተአምራት፣ የሰማዕታትን ተጋድሎና የአቡነ በትረ ማርያምን ታሪክ በተርታ ያሳያል። ግዙፎቹ የእንጨት መዝጊያዎች ራሳቸው ሥዕል ስላለባቸው በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታየው ታሪክ ይለዋወጣል። በደወል ፋንታ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ይመታል፤ የካቲት 16 ቀን በሚውለው የኪዳነ ምሕረት በዓል የድንጋዩ ድምፅ ከሐይቁ ላይ ይሰማል። በአቅራቢያው እንዳለው እንደ ክብራን ገብርኤል ወይም በራቅ ያለ ደሴት ላይ እንዳለው እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሳይሆን፣ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ለሴቶችም ክፍት ናቸው። ይህ የሆነው ዘጌ ገዳም ብቻ ሳትሆን ቤተሰብ የሚኖርባት፣ ካህናቱም የቡና ባለቤቶች የሆኑባት መንደር በመሆኗ ነው።

ዘጌ በአገር ታሪክ ውስጥ በጉልህ ከተነሣችባቸው ጊዜያት አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. ሰፈራቸውን በዘጌ አድርገው ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና ባልደረቦቹ ሐይቁን ተሻግረው ከቆራጣ እንደ መጡ በዘጌ ተያዙ። የእነዚህ ሰዎች እስራት ነበር ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዙን የጦር አዛዥ የናፒየርን ጦር ወደ መቅደላ ያመጣው። በሰኔ ወር ኮሌራ በሰፈሩ ገብቶ ብዙ ሰው ስለፈጀ ሠራዊቱ ቦታውን ለቆ ወጣ። በእርሻ የማትኖር ትንሽ ባሕረ ገብ መሬት ያን ያህል ሠራዊት ስትቀልብ የደረሰባትን ጉዳት መገመት አያዳግትም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቡና ዋጋ ሲያድግ ዘጌ በለጸገች፤ ቡናዋ በነጋዴዎች አጓጓዥነት እስከ ሱዳን ይደርስ ነበር። የዚህ ብልጽግና ጀርባ ግን በግልጽ መነገር አለበት። ቡናውን የሚኮተኩተውና የሚለቅመው በአብዛኛው በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አገር ተፈንግለው የመጡ ሰዎች እየተገዙ በካህናቱና በባላባቶቹ ይዞታ ላይ ይሠሩ ነበር፤ የአንድ ባለቤት ሀብትም በቡናው ስፋትና በባሪያው ብዛት ይለካ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አካባቢውን ሲይዝ ይህ ሥርዓት ተናጋ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ባርነትን በሕግ አስቀረ። ነፃ የወጡት አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው በዕለት ሥራና በእንጨት ሽያጭ መኖር ጀመሩ፤ ቡናው ግን በቀድሞ ባለቤቶቹ እጅ ቆየ። ዘጌን ስለ ሥዕሎቿ ብቻ የሚያወሱ ጽሑፎች ይህን ክፍል ሲያልፉት ይታያል። ዛሬ በመንደሩ ውስጥ በቡና ባለቤትና ቡና በሌለው መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ከዚህ መነሣት ግድ ይላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም የቤተ ክርስቲያንንና የባላባቱን የመሬት መብት ሽሮ አስተዳደሩን ወደ ገበሬ ማኅበር አዛወረው።

በዚህ መካከል ባሕር ዳር ማደጓን ቀጠለች። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ተከፈቱ፤ ኋላም ከተማዋ የክልል መዲና ሆነች። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96,140 የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 155,428 ደረሰ። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ምድጃ ማገዶ ይፈልጋል። የዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ታንኳው ከሐይቁ ዳር ከሚታጨድ ደንገል የሚሠራ ሲሆን፣ የአሠራሩ ባለሙያ ተብለው የሚታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የደረቀው ደንገል እየታሰረ ይደራረባል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውኃ በጠጣ ቁጥር ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሰዓታት ሲቀዘፍ ከቆየ በኋላ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ጭነቱንም ቀዛፊውንም አደጋ ላይ ይጥላል። እንጨት የሚሸጠው በአብዛኛው የቡና ድርሻ የሌለው ወይም ያነሰው ሰው ስለሆነ፣ ጫካውን በመከልከል ብቻ ማዳን እንደማይቻል የታወቀ ነው።

የሕዝቡን ቁጥር በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዘጌን የሚያካትተው የባሕር ዳር ልዩ ዞን 221,991 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ወንዶቹ 108,456፣ ሴቶቹ 113,535 ነበሩ። ከተሜ ተብሎ የተቆጠረው 180,174 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የባሕር ዳር ነዋሪ ሲቀነስ ለዘጌ፣ ለመሸንቲና ለጢስ ዓባይ ከተሞች በድምሩ ከ25,000 ጥቂት ያነሰ ሰው ይቀራል። በዞኑ 96 በመቶ ያህሉ አማራ፣ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ፣ ከ8 በመቶ በላዩ ሙስሊም ነበር። በባሕረ ገቡ መሬት ውስጥ ቤቶቹ እንደ ከተማ በመንገድ ዳር አልተደረደሩም፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ቡና ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ እንግዳ ሰው በብዙ ሕዝብ መካከል እያለፈ ጫካ ብቻ ያየ ይመስለዋል። ቤቶቹን የሚያገናኙት በድንጋይ አጥር መካከል የሚሄዱ ጠባብ የእግር መንገዶች ናቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በየብስም የመኪና መንገድ አለ። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ ክፉኛ ቀንሶ ትልልቆቹ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ባቃታቸው ጊዜ የመንገዱ ጥቅም ጎልቶ ታይቶ ነበር። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በብራና የተሣሉ ሥዕሎችን፣ ትናንሽ የደንገል ታንኳዎችንና ቡና የሚሸጡ ሰዎች ይቀመጣሉ። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ጣናንና አካባቢውን የባዮስፌር ክምችት (ተፈጥሮው ከሰው አኗኗር ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ) አድርጎ መዘገበ፤ ይህም የጎብኚውን ቁጥር ያሳድገዋል የሚል ተስፋ ፈጥሮ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የኮሮና ወረርሽኝና ተከትለው የመጡት ግጭቶች ጎብኚውን ስላራቁት በአስጎብኚነትና በእደ ጥበብ ይተዳደር የነበረው ወጣት ገቢው ተቋረጠ።

በዚህ ጊዜ የማረስ ክልከላው ራሱ ለፈተና ቀርቧል። በአንድ በኩል ወጣቱ የሚያርሰው መሬት የለውም፣ የሚወርሰውም ቡና በወንድማማቾች መካከል እየተከፋፈለ አንሷል። በሌላ በኩል በዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት ለጫት ሲለቀቅ ያያል። እስካሁን ሥርዓቱን ያስከበሩት የቀበሌው ደንብ አስከባሪዎች ሳይሆኑ የቤተ ክርስቲያኑ አለቆችና የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከብት ወደ ውስጥ ያስገባ ወይም ዶማና መጥረቢያውን ያለ ልክ ያነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠራው በእነሱ ፊት ነው።