የ«ቤክ ኦፍ» ውድድር ጥራት መውረድ፣ ከጎንደር ምጣድ አንጻር

«ግሬት ብሪቲሽ ቤክ ኦፍ» መጋገርን እንጀራቸው ያላደረጉ፣ ነገር ግን በየቤታቸው በትጋት የሚጋግሩ የብሪታንያ ነዋሪዎች በዳቦ፣ በኬክና በብስኩት የሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2010 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ሲሆን፣ በአሜሪካ «ቤክ ኦፍ» የሚለው ስም የፒልስበሪ ኩባንያ የንግድ ምልክት በመሆኑ እዚያ «ግሬት ብሪቲሽ ቤኪንግ ሾው» ተብሎ ይታያል። ውድድሩ እንደ ተጀመረበት ዘመን አይደለም የሚለው ቅሬታ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ይህ ዳሰሳ ቅሬታውን የሚመለከተው ድፎ ዳቦ ዛሬም በቤት ውስጥ፣ በእጅ ተቦክቶ በእሳት ከሚጋገርበት ከጎንደር ነው።

የውድድሩ አወቃቀር ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሳምንት ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ተወዳዳሪዎች ሦስት ፈተና ይቀርብላቸዋል፦ አንደኛው በቤታቸው የተለማመዱትን የሚያሳዩበት፣ ሁለተኛው ቀድመው ያላዩትን ነገር በተቆራረጠ መመሪያ የሚጋግሩበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ዓይን የሚማርክ ትልቅ ሥራ የሚያቀርቡበት ነው። በሁለተኛው ፈተና ዳኞቹ የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ ይቀምሳሉ። ለአሸናፊው የገንዘብ ሽልማት የለም፤ የሚሰጠው ጽሑፍ የተቀረጸበት የኬክ ማስቀመጫና አበባ ነው። ይህ አለመስገብገብ ከዝግጅቱ መልካም ጠባዮች አንዱ ነበር፤ አሁንም አልጠፋም።

በጎንደር ይህን መሰሉን ሙያ የሚዳኘው ሌላ ዓይነት ሰዓት ነው። ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ለዝክር የሚደፋው ድፎ ዳቦ የሚጀመረው ዋዜማውን ነው፤ የስንዴው ዱቄት ተነፍቶ፣ በእርሾ፣ በጨውና በጥቁር አዝሙድ ተቦክቶ ቡሃቃው ውስጥ ይከደናል፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ድረስም ማንም አይነካካውም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ በበጋው ሙቀት ሊጥ ቶሎ ይነሣል፣ በክረምት ብርድ ግን ቡሃቃውን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ግድ ይሆናል። ባለሙያዋ ይህን የምታውቀው በጣቷ ጫን አድርጋ፣ አሽትታና የአረፋውን ዓይን አይታ ነው። ከዚያ በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይደፋል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ከላዩም ፍም ይደረግበታል። መከራ የተደራረበበትን ሰው «ከላይም ከታችም እሳት ሆነበት» የሚያሰኘው የዚህ ዳቦ አጋገር ነው። ፍሙ ከበዛ ቅርፊቱ አርሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል፣ ካነሰም ዳቦው ሳይነፋ ይደርቃል፤ ልኩን የሚያስተምር ጽሑፍ የለም፣ የሚገኘው ከእናት አጠገብ በመቆም ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለውም ለዚህ ነው። በፒያሳ አካባቢ ያለው የፉርኖ ዳቦ ሌላ ታሪክ አለው፤ «ፉርኖ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ምድጃን ያመለክታል።

ዝግጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተወደደው ከዚህ መንፈስ ብዙ ስላልራቀ ነበር። ዳኞቹ ሜሪ ቤሪና ፖል ሆሊውድ ሊጡ ለምን እንዳልተነሣ፣ የኬኩ ታች ለምን እንደረጠበ ምክንያቱን ያስረዱ ነበር፤ አቅራቢዎቹ ሜል ጌድሮይችና ሱ ፐርኪንስም በመካከሉ ስለ አንድ ዳቦ ወይም ኬክ ታሪክ የሚናገሩ አጫጭር ክፍሎችን ያቀርቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ዝግጅቱ ወደ ቢቢሲ አንደኛ ጣቢያ ተዛወረ፤ በ2015 ያሸነፈችው ናዲያ ሁሴን በማግስቱ ዓመት ለንግሥት ኤልሳቤጥ 90ኛ ልደት ኬክ ጋገረች፤ የ2016ቱን የመጨረሻ ክፍል ከ14 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው ተመለከተው። ያ ዘመን ግን ፍጹም አልነበረም። በ2014 አንድ ተወዳዳሪ አይስክሬሙ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ስለቀለጠበት ሥራውን ወደ ቆሻሻ ሲጥል ታይቶ፣ ነገሩ በአርትዖት ከልኩ በላይ ተጋኗል የሚሉ ከ800 በላይ አቤቱታዎች ቀርበዋል። የመጋገሩን ነገር ትቶ ድንጋጤውን መከተል የተጀመረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 አምራቹ ላቭ ፕሮዳክሽንስ ዝግጅቱን ለሦስት ዓመት በ75 ሚሊዮን ፓውንድ በማስታወቂያ ለሚተዳደረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለቻናል ፎር ሸጠ። ሜሪ ቤሪና ሁለቱ አቅራቢዎች አብረው አልሄዱም፤ ፖል ሆሊውድ ብቻ ቀረ። በ2017 ፕሩ ሊዝ በዳኝነት፣ ኖኤል ፊልዲንግና ሳንዲ ቶክስቪግ በአቅራቢነት ገቡ። ብዙ ሰው ለጥራቱ መውረድ ምክንያት የሚያደርገው ይህን ዝውውርና በመሃል የሚገባውን ማስታወቂያ ነው። ይሁንና ዳኛና አቅራቢ መለወጡ ብቻውን ይህን ያህል አይጎዳም፤ ፕሩ ሊዝ ምግብ የምታውቅ ሴት ናት። ጉዳቱ ፈተናዎቹ ራሳቸው መለወጣቸው ነው።

ሁለተኛው ፈተና መጀመሪያ የታሰበው መመሪያው የዘለለውን በልምድ መሙላት የሚችለውን ለመለየት ነበር። ኋላ ግን ተወዳዳሪዎቹ ሰምተውት የማያውቁት ነገር፣ በማይበቃ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ መስመር ብቻ በቀረው መመሪያ የሚታዘዝበት ጊዜ በዛ። ውጤቱ አሥር ሰው ጋግሮ ዘጠኙ ጥሬ የሚያቀርብበት ገበታ ነው፤ እንዲህ ካለው ገበታ ማን የተሻለ ጋጋሪ እንደሆነ ማንም ሊለይ አይችልም። እርሾ ያለው ሊጥ ሰዓት ስለተቆረጠለት ቶሎ አይነሣም። የድንኳኑ ሙቀት ደግሞ ቸኮላትና ክሬምን በየዓመቱ ያቀልጣል፤ ያልተዘጋጀውን ሰውም የተዘጋጀውንም እኩል ያሳፍራል።

ለጎንደር ተመልካች በተለይ የሚቆረቁረው የ2018ቱ የመጨረሻ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ሦስቱ የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ከድንኳኑ ወጥተው በሜዳ ላይ በእንጨት እሳት ፒታ ዳቦ እንዲጋግሩ ታዘዙ። ዓመቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተፈተነ ሰው የአሸናፊነቱ ዕጣ በማያውቀው እሳት ላይ ተጣለ። እሳት የራሱ ትምህርት አለው፤ የትኛው እንጨት ቶሎ ነድዶ እንደሚከስም፣ የትኛው ጥሩ ፍም እንደሚያወጣ፣ ምጣዱ መቼ እንደሰማ ማወቅ ዓመታት ይወስዳል። በአንድ ከሰዓት የሚፈተነው ግራ መጋባት እንጂ ሙያ አይደለም።

ሌላው ድካም የአገር ስም በተሰጣቸው ሳምንታት ታይቷል። የ2020ው የጃፓን ሳምንት መነሻቸው ቻይና በሆነ በእንፋሎት በሚበስሉ ዳቦዎች ተጀመረ። በ2022ቱ የሜክሲኮ ሳምንት አቅራቢዎቹ ሰፊ ባርኔጣና ፖንቾ ለብሰው ስለ አገሩ ቀለዱ፤ ፈተናውም ታኮ ሆነ፣ ያውም በምጣድ የሚጠበስ ቂጣ ከነሥጋውና ከነባቄላው። የመጋገር ውድድር መጋገርን መልቀቁ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሕዝብ ማዕድ ሳይማሩ መዳኘት ግን ከዚያ የከፋ ነው። የጤፍ ሊጥ ሦስት ቀን ያህል መቡካትና አብሲት የሚፈልግ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ እንጀራ በዚያ ድንኳን በሁለት ሰዓት ቢታዘዝ ምን እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም። ከነቀፌታው በኋላ፣ በ2023፣ አዘጋጆቹ እንዲህ ያሉ ሳምንታትን ትተው ወደ ተለመዱት የመጋገር ርዕሶች እንደሚመለሱ ገልጸዋል፤ ይህም በትክክል የታረመ ስህተት ነው።

የምስጋናው ዋጋም ረክሷል። የፖል ሆሊውድ የእጅ መጨባበጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚታይ ስለነበር ተወዳዳሪውን ያስለቅስ ነበር፤ በተለይ ከ2018 ወዲህ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሲደጋገም ታይቷል። የሦስተኛው ፈተና ሥራዎችም ከጣዕማቸው ይልቅ ግንብና ሐውልት የመምሰል ችሎታቸው የሚመዘንበት ጊዜ በዝቷል።

ድፎ ዳቦ በጎንደር ቤት ከምጣድ ከወረደ በኋላ ወዲያው አይቀርብም። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ በዓሉ ሲደርስ ቄስ ወይም የቤቱ ታላቅ ባርኮ ይቆርሰዋል። ሲቆረስ ውስጡ ነጭና ወፍራም ሆኖ እጅ ላይ ካልተፈረፈረ፣ የኮባው ሽታም ከገባበት፣ የጋገረችው ሴት ስሟ ሳይጠራ ሁሉም ያውቃታል።