ይሄ «ስትረስ» ጭንቀት አይደለም

«ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ለታይሮይድ ካንሰር ያጋልጣል» የሚለውን አንብባችሁ «ስለምጨነቅ ነው እንዴ?» ያላችሁኝ በዛችሁ። አይደለም። እዚህ ላይ ስትረስ የተባለው በሴል ውስጥ ያለ የኬሚካል ጣጣ ነው።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት። ሆርሞን ለመሥራት አዮዲንን ከፕሮቲን ጋር ማያያዝ አለባት። ለዚህ ሥራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ራሷ ታመርታለች። አዎ፣ ያው ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው! ምድጃ አስቡ። ያለ እሳት ወጥ አይሠራም፤ እሳቱ ከምድጃው ከወጣ ግን ቤቱን ያቃጥለዋል። እሳቱን ከሚቆጣጠሩት መካከል ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ያለባቸው ኢንዛይሞች (የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች) አሉ። የሚመረተው ፐርኦክሳይድ ከመከላከያው ሲበልጥ ነው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው። ያኔ ዲኤንኤ፣ ማለትም ሴሉ የሚመራበት የዘር መመሪያ፣ ሊጎዳ ይችላል።

የዲኤንኤ ጉዳት ለካንሰር በር እንደሚከፍት እርግጥ ነው። ለምሳሌ ጨረር ዲኤንኤን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ጨረራማ አዮዲን ወደ ሰውነታቸው በገባ ሕጻናት ላይ የታይሮይድ ካንሰር በዝቶ ታይቷል። በሌላው ሰው ላይ ግን የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ድርሻ ይለያያል፤ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገርም፣ የአዮዲን መጠንም ይገቡበታል። ደግሞም አብዛኛው የታይሮይድ እብጠት ካንሰር አይደለም።

የሴሌኒየም እንክብል ልትገዙ የተነሳችሁ ቆዩ! ሴሌኒየም ሲበዛ ጸጉር ያረግፋል።