ልጅ ጥርስ ይወስዳል? የእርግዝና የድድ ብግነት ምንድን ነው?

አክስቴ የጎደሉ ጥርሶቿን የምትቆጥረው በልጆቿ ነው። ከንፈሯን በጣቷ ገለጥ አድርጋ "ይቺ በትልቁ፣ ይቺ በመካከለኛዋ" እያለች ታሳያለች። አንጎለላ ተቀምጣ ሰባት ወልዳለች። የጎደላት ግን ሦስት ጥርስ ነው። ሂሳቡ አይገጥምም ስላት "አራቱ ጨዋ ልጆች ናቸዋ!" ብላ ሳቀች።

ባለፈው ክረምት እህቴ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ሰንብታ ነበር። አንድ ጠዋት ጥርሷን ቦርሻ የተፋችው አረፋ ቀይ ሆነ። ደነገጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ብሩሽ የሚባል አልነካችም። አክስቴም በስልክ "ተይው፣ ልጁ ነው" አለቻት። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ያ ደም ስም አለው፤ የእርግዝና የድድ ብግነት ይባላል። ብግነት ማለት አካል ሲቆጣ መቅላቱና ማበጡ ነው። በእርግዝና ጊዜ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጣም ይጨምራሉ። ወደ ድድ የሚሄደው ደምም ይበዛል። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ የሚለጠፍ፣ ፕላክ የሚባል የባክቴሪያ ቆሻሻ አለ። ድሮ ይህን ችሎ የኖረ ድድ አሁን በትንሹ ይቆጣል። አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ወር አካባቢ ይጀምርና እስከ 8ኛው ወር እየባሰ ይሄዳል። ከ100 እርጉዞች ከ60 እስከ 75 የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል። ስለዚህ እህቴ ብቻዋን አልነበረችም።

አንዳንዷ ድዷ ላይ ቀይ፣ ሲነኩት የሚደማ እብጠት ይወጣባታል። ያስደነግጣል እንጂ ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይከስማል። ቢሆንም ለሐኪም ማሳየት ነው።

ታዲያ ልጁ ጥርስ ይወስዳል? አይወስድም። ጽንሱ ለአጥንቱ ካልሲየም ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም እናቱ ከምትበላው ነው። ካነሰ ከእናቱ አጥንት ይሳባል። ከጥርሷ ግን አይሳብም። አጥንት እየፈረሰ ይታደሳል፤ ጥርስ እንደዚያ አይደለም። የካልሲየም ጎተራ አይደለም።

የአክስቴ ሦስት ጥርሶች የት ሄዱ ታዲያ? እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ነው። ድድ ሲደማ ሰው መቦረሽ ይፈራል። ያልተቦረሸው ቆሻሻ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። ከድድ ሥር እየገባ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። ጥርሱ ይነቃነቃል። ያኛው ሳይሽር ሌላ እርግዝና ይመጣል። ወሯ ሲገባም በየሰዓቱ ቀመስ ቀመስ ማድረግ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ስትወልድ ደግሞ የሚጣፍጥ አጥሚት አለ። በመጨረሻ ጥርሱ ሲወልቅ አጠገቡ የሚገኘው ሕፃኑ ነው፤ ጥፋቱም ለእሱ ይሰጣል።

ማስመለስም የራሱ ጣጣ አለው። ከሆድ የሚመጣው አሲድ የጥርስን ገጽ ያለሰልሳል። ወዲያው ከቦረሽሽው ያለሰለሰውን አብረሽ ትፍቂዋለሽ። በ1 ኩባያ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይተሽ ቦርሺ። ብሩሹ ለስላሳ፣ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን። በክረምት የደብረ ብርሃን ውሃ ጤነኛ ጥርስንም ያንዘረዝራል፤ ለብ አድርጊው።

መፋቂያ ወዳጅ ነኝ፤ ወይራውን አልጥልም። ግን ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይበተን። ደረቁን ያበጠ ድድ ላይ መውጋት ቁስል ማብዛት ነው። ፍሎራይድ ደግሞ የለውም።

"እርጉዝ ጥርስ ከተነቀለች ያስወርዳታል" የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ጥርስ ማጠብ፣ መሙላት፣ ካስፈለገም መንቀል በእርግዝና ጊዜ ይቻላል። ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣም አይከለከልም። ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚመቸው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ነው። ፊት ካበጠ ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ ግን ወር አይቆጠርም፤ በዚያው ቀን መሄድ ነው። እርጉዝ መሆንሽን ገና ሳትቀመጪ ተናገሪ። ቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል፤ አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ራስሽ ገዝተሽ የምትውጪው አይደለም።

የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። እህቴ ክትትል ስትሄድ ግፊቷን ለክተዋል፣ መዝነዋታል፣ የደም ማነስ ኪኒን ሰጥተዋታል። አፍሽን ክፈቺ ያላት ግን አንድም ሰው የለም። እኔ ነኝ ጎትቼ ጥርስ ሐኪም ጋ የወሰድኳት።

ድንጋዩ ተጠረገላት። ጠዋትና ማታ መቦረሽ ቀጠለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፋው ነጭ ሆነ። ለአክስቴ ደውላ ነገረቻት።

"እና ልጁ ተወሽ?" አለች አክስቴ።