ሆሞሎጂ ምንድን ነው? በፐርሰንት የማይለካው ዝምድና

ሰሞኑን ደሴ ላይ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ «ሁለቱ ጂኖች 70 በመቶ ሆሞሎጂ አላቸው» የሚል አገኘሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

ሆሞሎጂ ማለት ከአንድ ጥንታዊ ጂን መውረድ ነው። ወይ ወርደዋል፣ ወይ አልወረዱም። 70 በመቶ ሊሆን የሚችለው መመሳሰላቸው ነው።

እኛ ጋ ልጅ ሊዳር ሲል ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። «መልካቸው 70 በመቶ ስለሚመሳሰል 70 በመቶ ዘመድ ናቸው» ያለ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መልክ ያስጠረጥራል እንጂ ዘር አይቆጥርም። ፒያሳ ላይ ቁርጥ ወንድምህን የሚመስል ሰው ባዳ ሆኖ ይገኛል። የአክስትህን ልጅ ደግሞ ሳታውቀው ታልፋለህ። ኦክስጅን የሚይዙት ሁለቱ ፕሮቲኖች፣ ማዮግሎቢንና ሄሞግሎቢን፣ እንደ አክስት ልጆቹ ናቸው። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ፊደሎች፣ ከአሚኖ አሲዶቻቸው፣ የሚገጥመው ሩብ ያህሉ ነው፤ ግን አተጣጠፋቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የወረዱትም ከአንድ ጂን ነው። በዝምድና ቅርብና ሩቅ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ። እሱ ግን መቼ ተለያዩ የሚለው ነው፤ ዘመድነቱን ግማሽ አያደርገውም።

«ቃል ነው፣ ምን ያከራክራል? ጂኖቹን ያነጻጸረው ፕሮግራም ራሱ አስልቶ ሰጥቶናል» ያለኝ ሰው አለ። አልሰጠም። ኒድልማንና ቩንሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) ሁለት የፊደል ቅደም ተከተሎችን ከዳር እስከ ዳር ይደረድራል። በ«ከሚሴ» እና በ«ደሴ» እንየው። ለገጠመ ፊደል +1፣ ላልገጠመ −1፣ ፊደል ለጎደለበት ክፍተት −2 እንስጥ። «ሴ» ከ«ሴ» ጋር ትገጥማለች። «ደ» በ«ከ» ሥር ብትቆምም በ«ሚ» ሥር ብትቆምም አትገጥምም። አንድ ክፍተትም የግድ ነው። ድምሩ −2፣ በሁለቱም አደራደር እኩል። የስሚዝና ዋተርማን እ.ኤ.አ. የ1981ዱ ደግሞ ምርጡን ቁራጭ ብቻ ይፈልጋል፤ «ሴ»ን አንስቶ +1 ይላል። የከተሞቹ ስም ከአንድ ሥር ይምጣ አይምጣ ማንኛቸውም አልነገሩንም። የሰጣችሁትን ሁሉ ይደረድራሉ።

ዲኤንኤ ላይ ይብሳል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ስለሆኑ፣ በእኩል መጠን ካሉ፣ ያለ ምንም ዝምድና ሩብ ያህሉ በአጋጣሚ ይገጥማል። ክፍተት ከተፈቀደ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለዚህ ነው ብላስት (ዳታቤዝ ውስጥ የሚመሳሰል ቅደም ተከተል የሚፈልገው ፕሮግራም) ኢ-ቫሊዩ የሚባል ቁጥር የሚሰጠው፦ ይህን ያህል ወይም የተሻለ ነጥብ ያለው ውጤት በዚህ ዳታቤዝ ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ስንት ጊዜ ይጠበቃል? በጣም ትንሽ ከሆነ ሆሞሎጂ አለ ብለን እንደመድማለን። ዳታቤዙ ሲሰፋ ቁጥሩም እንደሚያድግ አትርሱ። አንድ ፊደል የሚደጋገምበት ቁራጭም ያሳስታል።

ጽሑፉ ላይ «ሆሞሎጂ»ን ሰርዤ «ተመሳሳይነት» አልኩ። ከጎኑም «ኢ-ቫሊዩው ስንት ነው? በየትኛው ዳታቤዝ?» ብዬ ጻፍኩበት።